የሂባ ተራ

ጅን፣ መንፈስ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ሲባል ከማንም በፊት የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እዚህ ሱዳን፣ ጅሬፍ ሰፈር የሚያውቁኝ የወሎ ሴቶች ይመስክሩ፣ አንዷ ጥላ አየሁ ብላ ስትንቀጠቀጥ «ለመሆኑ ራትሽን በልተሽ ነው የተኛሽው?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ሰዓዳን ነካ ያደርጋታል እንዳትሉ፣ ደግሞ በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም፣ ጁምዓ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ግቢያችን ውስጥ እያለች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤዝቦል ነው። አትሳቁ። ማንሺያ የሚባል ሰፈር ፈረንጆች ቤት ስሠራ አባትየው አመሻሽ ላይ ከልጆቹ ጋር ይህን ጨዋታ ይጫወታል፣ ባለቤቴ ዑስማን ደግሞ በረክሻው፣ በባጃጁ ማለቴ ነው፣ ሊወስደኝ ይመጣና በአጥሩ ቀዳዳ ያያል፣ ደቡብ ሱዳን በተለየች በዓመቱ ሰዎቹ አገራቸው ሲገቡ ዱላውንና አንዲት ኳስ ሰጡን፣ ዑስማንም በቀዳዳ ያየውን ያህል አስተማረን። መትተህ ትሮጣለህ፣ መጀመሪያ የውሃው ዚር፣ ጋኑ ማለቴ ነው፣ ቀጥሎ የገመድ አልጋው፣ ቀጥሎ የኒሙ ዛፍ፣ መጨረሻ የማድቤቱ ደጃፍ፣ እሱ «ቤት» ይባላል። ዙሩን ሲያየው ጊዜ «ካዕባም በዚሁ በኩል ነው የሚዞረው፣ ሐላል ጨዋታ ነው» ብሎ ፈረደ።

በቀዳዳው ያልታየው ነገር የሳተ ሰው ምን እንደሚሆን ነበር። ስለዚህ በኛ ቤት ሕግ የሳተ ሰው እስኪመታ ድረስ ተራው የራሱ ነው፣ የመግሪብ አዛን ካቋረጠው ደግሞ የሚቀጥለው ጁምዓ ከሱ ይጀመራል።

ልጄ ሂባ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ዱላው ከሷ ሊበልጥ ትንሽ ነው የቀረው፣ ከመምታቷ በፊት በግራ እግሯ መሬቱን ሁለቴ ጫር ጫር ታደርጋለች፣ ከመታች ደግሞ የዚሩን ክዳን በጥፊ ሳትል አታልፍም። አንድ ጁምዓ ስትስት፣ ስትስት፣ እየሳቀች ስትስት አዛን ተባለ፣ «ዩማ፣ ጁምዓ የምጀምረው እኔ ነኝ፣ ታይብ?» አለችኝ። ታይብ፣ እሺ አልኳት። ማክሰኞ ትኩሳት ያዛት፣ ሐሙስ ቀበርናት። በአንድ መስመር ስናገረው ጨካኝ አትበሉኝ፣ ረዘም አድርጌ መናገር አልችልም።

ሐዘኑ በረድ ሲል ዑስማን ኳሷን አነሳና ሂባ ትቆምበት ወደነበረው ቦታ ወረወራት፣ ኳሷ ከኋላ ያለውን ግድግዳ መትታ ወደቀች። «ኢንሻአላህ ለሚቀጥለው» አለ፣ ከዚያ ታላቅ ወንድሟ ሙሐመድ ዱላውን አነሳና ሌላ ጨዋታ ጀመርን። አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አደረግን፣ ጎረቤት ይስቅብናል፣ እኛም «ሂባ ዛሬም ሳተች» እያልን እንስቃለን፣ እመኑኝ፣ ከሳምንቱ ሁሉ ስሟን ሳናለቅስ የምንጠራባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች።

ሙሐመድ አሥራ አምስት ሲሞላው ስልክ ተገዛለት፣ እዚያ ላይ እውነተኛውን ሕግ አገኘው። «ዩማ፣ ሦስቴ ከሳተ ኸላስ ነው፣ ይወጣል» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ሂባ ከድሮ ወጥቷል።» ዑስማን ኳሷን አገላብጦ አየና «ሰዓዳ፣ ልጁ እውነቱን ነው፣ ዛሬ ሦስት እንወርውርላትና እናሰናብታት፣ እሷም ትረፍ፣ እኛም እንረፍ» አለ። እሺ አልኩ። ሆዴ ግን እሺ አላለም፣ ያቺን ተራ ከወሰዱባት ለልጄ በዚህ ቤት ምን ይቀራታል?

ዱላውን ቦታዋ ላይ መሬት አስተኛነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ግድግዳውን መታች። ሁለተኛዋ ሳትወረወር ጫር፣ ጫር የሚል ሰማሁ፣ ዶሮ ናት አልኩ በልቤ፣ ዶሮ ግን የለንም። «ሰማችሁ?» ስላቸው «ንፋስ ነው፣ ያላ» አለ ዑስማን፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል። ሁለተኛዋም ኳስ ግድግዳውን መታች። ሦስተኛዋን ወረወረ።

ግድግዳው አልተመታም። ቷ የሚል የእንጨት ድምፅ ሦስታችንም ሰማን፣ ዱላው ግን እንደተኛ ነው፣ ኳሷ ላይም የለች፣ ታችም የለች። የዚሩ ክዳን ጧ አለ። ትንሽ ቆይቶ የአልጋው ገመድ ሲጥ አለ፣ ሙሐመድ፣ ጢሙን ማብቀል የጀመረው ጎረምሳ፣ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ከኒሙ ስር ትንሽ አቧራ ቦነነና ረጋ። እኔ የማድቤቱ ደጃፍ ላይ ነበርኩ፣ ለካ ሳላውቀው አንዱን ክንዴን ዘርግቻለሁ። ጠበቅኩ፣ ማንም አልመጣም፣ አዛን ተባለ።

ዑስማን ጣራ ላይ ወጣ፣ የጎረቤት ግቢ ገባ፣ ኳሷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በማግስቱ ሌላ ገዝቶ መጣና «ያ የስልኩ ሕግ ከዚህ ግቢ አይገባም» አለ።

ችግሩ አሁን መጣ። አዛን ሲባል ሂባ ኒሙ ስር ደርሳ ቆማ ነው የቀረችው። በኛ ሕግ ዛፉ ስር የቆመን ሰው ወደ ቤት የሚያስገባው ከሱ ቀጥሎ የሚመታው ሰው ነው፣ በዚያ በተቋረጠው ጨዋታ ከሂባ ቀጥሎ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ከመታሁ ትገባለች፣ ዙሯ ያልቃል። እና በየጁምዓው የመጀመሪያዋ ኳስ ለኔ ትወረወራለች፣ እስታለሁ፣ «ኢንሻአላህ ለሚቀጥለው» ይላል ዑስማን፣ እንደ ድሮው ሌላ ጨዋታ እንጀምራለን፣ ሙሐመድ «ዩማ፣ ዓይንሽን ሐኪም ይየው» እያለ ይቀልድብኛል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ወላሂ ኳሷ ዝግ ብላ ነው የምትመጣው፣ ጨፍኜም አልስታትም።

ባለፈው ጁምዓ ስስት ግን፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ንፋስ ሳይኖር፣ የኒሙ ዝቅ ያለችው ቅርንጫፍ ብቻዋን ትወዛወዝ ጀመር፣ ቆማ የሰለቻት ልጅ እንደምትጎትታት ዓይነት። ዑስማን ዛፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠጋ ብሎ «ያ ሰዓዳ፣ የሚቀጥለውን ትመቺላታለሽ?» አለኝ። ይኸው ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እስካሁን አልመለስኩለትም።