ፍልሰታ በባሕር ላይ

የሽርሽር መርከቡ ከግሪኩ ፒሬዎስ ወደብ በተነሣ ማግሥት፣ ኤቫንቲያ የመስተንግዶ ኃላፊውን አስፈቅዳ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። የፍልሰታን በዓል ከቤታችን ርቀን ስለምንውል አብረን እናክብር፣ መርዳት የሚፈልግ ያነጋግረኝ ይላል።

ሐሳቡ የእናቷ የወይዘሮ ዴስፒና ነበር። ዴስፒና ማለት እመቤታችን ማለት ነውና የስም ቀናቸውም በዚያው ቀን ይውላል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው መሀል ልዋል ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ ኤቫንቲያ በደስታ ነበር የተቀበለችው።

ሊረዳ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ቫዮሊን በትከሻው ያነገተ ወጣት።

«ስትራቲስ እባላለሁ፣ ከሚቲሊኒ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሙዚቃውን ለእኔ ተዪው፤ ወጥ ቤት ግን እንዳታስገቢኝ።»

«በሽተኞችህን ለማን ጥለህ መጣህ?»

«ፍየሎቹም ከእኔ ማረፍ አማራቸው።»

ኤቫንቲያ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ከመንገደኛ ወደ መንገደኛ አብረው ዞሩ። የካላማታ ሴቶች ጾሙ ሳይፈታ ጭፈራ የለም አሉ። ከቮሎስ የመጡት ሽማግሌ ነፋስ ያለበት አልቀመጥም አሉ። ሁለቱ ቦታ ፍለጋ የመርከቡን ሰገነት ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱበት፤ ምቹው ጥግ ከተገኘ በኋላም መመላለሱን አላቆሙም። አንዳንዴ ወሬው ያልቅና ባሕሩን ያያሉ።

በበዓሉ ዋዜማ ወይዘሮ ዴስፒና ስትራቲስን ለብቻው ጠሩት።

«ነገ ሮድስ ደሴት ላይ አንድ እንግዳ ይሳፈራል፤ ፎቲስ ይባላል። ብርጭቆዬን ሳነሣ የሙሽራ ዘፈን ትጫወትልኛለህ። የልጄን መታጨት ለሰው ሁሉ እነግራለሁ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«የፎቲስ አባት ባሌን ከባሕር ጎትቶ ከሞት ያወጣ ሰው ነው። ኋላ ባሌ ሊሞት ሲል ልጄን ለልጅህ ብሎ ቃል ሰጠው። የእሷ ማወቅ የሞተ ሰው ቃል ይለውጣል?» ቀና ብለው አዩት። «ዓይንህ የት እንደሚያርፍ ያላየሁ እንዳይመስልህ። ለዚህ ነው አንተን የጠራሁህ። አንዲት ቃል እንዳትተነፍስላት።»

የዚያን ቀን ስትራቲስ ወንበር ሲደረድር ቀና ብሎ አላያትም። ኤቫንቲያ ሁለት ጊዜ ቀለደች፤ ሁለቱንም ጊዜ አልሳቀም። ምን አጠፋሁ ብላ አሰበች፤ ኩራቷ ግን መጠየቁን ከለከላት።

በማግሥቱ ጠዋት ፎቲስ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተሳፈረ። በእጁ በስኳር የተለበጠ ነጭ ለውዝ የሞላ ሣጥን ይዟል። ለውዙ ለስም ቀን የሚሰጥ አይደለም፤ ለሙሽራ እንጂ። ኤቫንቲያ ሣጥኑን አየች፣ እናቷን አየች፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ስትራቲስ ትናንት ለምን እንደሸሻት ገባትና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ታውቅ ነበር?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«እና አብረኸኝ ጠረጴዛ ታለብሳለህ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እናትሽ ናቸው። እኔ ማን ነኝ?»

«እኔም ከአፍህ መስማት የፈለግሁት ለእኔ ማን እንደሆንክ ነበር» አለችና ጥላው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ መንገደኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ጸሎቱ ደረሰ፣ የበግ ጥብስ ቀረበ፣ ጾሙ ተፈታ። የካላማታ ሴቶች ሳይቀሩ በእግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ። ኤቫንቲያ ግን ሳህኗን ገፋ አደረገች። ፎቲስ አጠገቧ ተቀምጦ አሁንም አሁንም ክራባቱን ይነካካል። በመጨረሻ ወይዘሮ ዴስፒና ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ስትራቲስ ተመለከቱ።

ስትራቲስ ቫዮሊኑን ወደ አገጩ አስጠጋ። ከዚያ መልሶ አወረደው።

«ይህን ዘፈን አልጫወትም፣ ወይዘሮ ዴስፒና። ልጅዎን እወዳታለሁ። ለብቻዋ ልነግራት ጊዜ ነበረኝ፤ ፈራሁ። በዓልዎን ስላበላሸሁ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተቀመጥ፣ አንተ» አሉ ወይዘሮ ዴስፒና በቀጭን ድምፅ።

ኤቫንቲያ ተነሣች።

«እማዬ፣ አባዬን ያተረፉልንን ሰው እስክሞት አባት እላቸዋለሁ። ልጃቸውን ግን ባሌ ማለት አልችልም።»

ፎቲስ ፊቱ አመድ መሰለ። «ፈቅዳለች ብለው ነው እኮ የጻፉልኝ» አለ ወደ ወይዘሮ ዴስፒና ዞሮ። «እንዳልፈቀደች ባውቅ አልመጣም ነበር።» ለኤቫንቲያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተነሥቶ ሄደ።

ወይዘሮ ዴስፒና ብርጭቋቸውን ሳይቀምሱት አስቀመጡና እሳቸውም ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሰዉ ዓይኑን ወዴት እንደሚያሳርፍ አጣ። ኤቫንቲያ ስትራቲስን አየችው። «ሌላ ነገር ተጫወትልን» አለች። «በዓሉ የእመቤታችን ነው።» ጥቂት ቆይታም በቀስታ ጨመረች፤ «አንተን ገና አልታረቅሁህም።»

እሱ ተጫወተ። እሷ ለእናቷ ምግብ ይዛ ሄዳ በሩን አንኳኳች፤ አልተከፈተላትም።

ወይዘሮ ዴስፒና ለልጃቸው አፋቸውን የከፈቱት ጉዞው ሊያልቅ ሲል ነው። «የአባትሽን ልብስ ለሰው ሰጠሁ፣ ጀልባውም ተሸጠ» አሉ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ እንዳዞሩ። «ከእሱ የቀረኝ ያ ቃል ብቻ ነበር፣ ልጄ። እሱንም ካጣሁ ምን ይዤ ልኑር?»

ኤቫንቲያ እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ።

ተመልሰው ፒሬዎስ ሲደርሱ መንገደኛው መሰላሉ ላይ ተጋፋ። ስትራቲስ መቅረብም መራቅም አቅቶት ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ሮድስ ተመልሼ እሄዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ዴስፒና ለልጃቸው። «ቃሉ መቅረቱን ለፎቲስ አባት ሌላ ሰው አይነግርልኝም፤ ዓይኑን እያየሁ ራሴ እነግረዋለሁ።» ከዚያ ወደ ስትራቲስ ዞሩ። «አንተ ሐኪም፣ ቆመህ ከምታየን ይህን ሻንጣ አትይዝልኝም?»