የሰቭጊ ጓንት

ሽማግሌው ሳትልሚሽ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቷል። ከአፍንጫውና ከድዱ የፈሰሰው ደም ትራሱን አበላሽቶታል። ከቶካት ከተማ የተጠራችው ሳጅን ነርሚን ገና ከደጅ ሳትገባ የሟቹ ወንድም በኪር ጣቱን ቀስሮ ጠበቃት።

«ምራቱ ናት። የአይጥ መርዝ አብልታዋለች። ያ መርዝ ደም እንደሚያስተፋ ሕፃንም ያውቃል።»

ምራቱ ሰቭጊ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እናቷ መንደር ልሂድ ስትል አማቷ እምቢ ብሏት ነበር፤ ጠባቸውንም መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ እጇ በካቴና ከታሰረ ልጅቷ በበኪር ቤት ትቀራለች። ሰቭጊ ይህን ስለምታውቅ ልጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛታለች።

«ጠይቂያት እስቲ» አለ በኪር፣ «ለምን የላስቲክ ጓንት አጥልቃ እንዳስታመመችው። ሸሚዙንስ ለምን አቃጠለችው? ንጹሕ ሰው ጓንት ምን ይሠራለታል?»

«እውነቱን ነው» አለ የመንደሩ ሹም እድሪስ። «እኛ ዘመድ የምናስታምመው በባዶ እጃችን ነው።»

ነርሚን ራሷም ከሰቭጊ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ጓንትና እሳት የጥፋተኛ ሥራ ይመስላሉ።

«ምን በልቶ ነበር?»

«ሁላችንም ከበላነው» አለች ሰቭጊ። «ከአንድ መጥበሻ ነው የምንበላው። ልጄም አብራ በልታለች።»

ነርሚን ሬሳውን አየች። ከጉልበቱ ኋላ፣ የተቦጨቀ ጥቁር ቁስል ነበር፤ ጎንበስ ስትል ጋዝ ጋዝ ሸተታት። ከዚያ መርዙን ፍለጋ ወደ ከብቶቹ ጋጣ ወረደች። በኪር ተከተላት። ሰኔ ነው፣ ፀሐዩም ይጋረፋል፤ እሱ ግን የሱፍ ካፖርት ለብሷል።

የመርዙ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ነበር። ነርሚን ሳትነካው ጊዜ ወስዳ አየችው። በኪር ደግሞ እያወራ የበሬውን ጆሮ ዳበሰና አንድ የወፈረ መዥገር ነቀለ። በሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር አፈረጠውና ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አትፈራውም?»

«መዥገር ይፈራል እንዴ? እኔና ወንድሜ በጎቹን ስንሸልት ስንቱን አፈረጥን። ወንድ ልጅ በወረንጦ አይጫወትም።»

«የሸለታችሁት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። እሱ ማክሰኞ ራሴን አለ፣ አተኮሰው።»

ነርሚን ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙን ማንም አልነካውም» አለች። «ሸረሪት ከክዳኑ እስከ ግድግዳው ድር አድርታበታለች፤ አንድም ክር አልተበጠሰም። ሰውየው የበላውን ሁሉም በልተዋል፤ የታመመ ግን የለም። ታዲያ ምን ገደለው? ሰቭጊ፣ ጉልበቱን ምን ነካው?»

«መዥገር ተጣብቆበት ነበር። ቆዳው ሥር ያዘውና በወረንጦ ቀስ ብለህ ቀጥ አድርገህ ሳበው፤ ካተኮሰህም ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኩት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዲያ ነው ያስተማረችን። ሳቀብኝ። ጋዝ አፈሰሰበትና በጥፍሩ ቦጨቀው።»

«ጓንቱስ?»

«ደም ካየሽ በባዶ እጅሽ አትንኪ ብላናለች። ሸሚዙንም ልጄ እንዳትነካው ብዬ አቃጠልኩት።»

«የደሙ ምርመራ ነገ ይደርሳል» አለች ነርሚን። «እኔ ግን ገዳዩን ጋጣው ውስጥ በበሬው ጆሮ ላይ አየሁት። ይሄ መዥገር የሚያመጣው ደም አፍሳሽ ትኩሳት ነው። ሰውየውን የገደለው ንቀቱ ነው። በዚህ ቤት የተጠነቀቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እናንተም ጥንቃቄዋን ወንጀል አደረጋችሁባት።»

ከዚያ ወደ ሟቹ ወንድም ዞረች።

«አንተስ በኪር፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት ለምን ለበስክ?»

በኪር ሊመልስ ፈለገ፤ ጥርሱ ግን ተንገጫገጨ። «ከትናንት ጀምሮ... ብርድ ብርድ ይለኛል» አለ። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አጠገቡ የነበሩት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወደኋላ አፈገፈጉ። እድሪስም ከነሱ ጋር አፈገፈገ።

ሰቭጊ ልጇን ለነርሚን ሰጠቻት። ቤት ገብታ አዲስ ጓንት አጥልቃ ተመለሰች።

«ተነስ አጎቴ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ፤ የሳጅኗ መኪና ደጅ ቆሟል» አለችና እጇን ዘረጋችለት።

በኪር ጓንቱን አየ። ከዚያ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ያዘው።