ከጉልላቱ ሥር ያልተቀረጸው ስም

ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለወታደሮች መቃብር ሰጥቶ ነው የቆመው። ከድሮው ጦርነት በኋላ በፈረሰ ምሽግ ድንጋይ ሲሠራ፣ መሐንዲሱ «ለሞቱልን ጀርባ አይሰጥም» ብሎ በሩን ወደ ወታደሮቹ አዞረው ይባላል። ስምንት ማዕዘን ነው፤ መስኮቶቹ ጉልላቱ ሥር ብቻ ስለሆኑ ብርሃን የሚወርደው ከላይ ነው። አስከሬናቸው ያልተገኘ ወታደሮች ስማቸው በግድግዳው ዙሪያ ተቀርጿል።

ይህን ሁሉ ለጎብኚ የምታስረዳው የቤተ ክርስቲያኑ አስጎብኚ ናት። ስለ ራሷ ግን ትንፍሽ አትልም። ባሏ ከቅርቡ ዘመቻ አልተመለሰም፤ ስሙም ግድግዳው ላይ የለም። ቤተሰብ ካልፈቀደ አይቀረጽም፤ እሷ ደግሞ «ሰው በቁሙ አይቀበርም» እያለች ዓመታት ገፋች። ማታ ማታ ለሁለት ታቀርብና ለብቻዋ ትበላለች።

አንድ ድንጋይ ጠራቢ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሊጠግን መጣ። መጀመሪያ ከሥራው ቀና እያለ ያያት ነበር። ውሎ አድሮ ደፈረና፣ «አንቺ እኮ ከግድግዳው ጋር አብረሽ የተገነባሽ ነው የምትመስዪው» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ጉልላቱ ውስጥ ሲያስተጋባ ራሷው ደነገጠች። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲሠራ ሌላው እያየ፣ ሳይነጋገሩ መዋል ለመዱ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ልቡን ነገራት። ሌላ ከተማ ሥራ ይጠብቀዋል፤ አግብቷት አብረው እንዲሄዱ ይፈልጋል። ልቧ እሺ አለ፣ አፏ ግን እንቢ አላት። ባሏን ሳትቀብር የሌላ ሰው መሆን አልሆንላት አለ።

ሳምንት ሙሉ ስትሸሸው ሰነበተች። በሚሄድበት ቀን ጠዋት መጥታ ፊቱ ቆመች።

«የሱን ስም ቅረጽልኝ» አለችው።

«እኔ?»

«ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።»

የሚቀርጸው ስም እሷን ነፃ እንደሚያወጣት ያውቃል። ሊቻኮል ይችል ነበር፤ አልተቻኮለም። ሲጨርስ አቧራውን በእጁ ጠርጎ ቦታ ለቀቀላት።

ፊደሎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

«አብሬህ ልሄድ ነበር የመጣሁት» አለችው እንባዋ ጋብ ሲል። «አልቻልኩም። ገና ዛሬ ነው የሞተብኝ።»

ውጭ የሚወስደው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። እሱ ግን መሮውን አስቀመጠና እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ አጠገቧ ቁጭ አለ። መኪናው ደጋግሞ ነፍቶ ሲሰለቸው ሄደ።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።