በባዶው ሽጉጥ ውስጥ የተሰካችው ክር

ዌንደል ላይታላ የተኩስ ሜዳው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጥይቷ በቀኝ ጆሮ ግንዱ ገብታ በግራው ወጥታለች። የገዛ ሽጉጡ አጠገቡ አለ።

ራሱን ያጠፋ ይመስላል። የሚመስለው ግን ሽጉጡን ቀረብ ብለው እስኪያዩት ድረስ ነው።

ካዝናው ወጥቶ ለብቻው ተቀምጧል። ሽጉጡ እንደተከፈተ ተቆልፏል፤ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ዞሯል። ጥይት መጉረሻው ውስጥ ደግሞ አንዲት ቢጫ የፕላስቲክ የሳር ማጨጃ ክር ተሰክታለች። የሜዳው ሰዎች «ባንዲራ» ይሏታል። ባንዲራ የተሰካበት መሣሪያ ባዶ ነው፤ ማንም ሳይሰጋ አጠገቡ ይቆማል።

«ራሱን ገድሎ ሲያበቃ መሣሪያውን አራግፎ አስቀመጠ?» አለ ሸሪፉ። «መቼም እንዲህ ያለ ጨዋ ሬሳ አይቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ማርሊስ ኒየሚ አልሳቀችም። ሟቹን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ወገቡ ላይ ያለውን የሽጉጥ ማህደር ጎንበስ ብላ አየችው። ማሰሪያው በወጉ ተፈትቷል። ልብሱ አልተቀደደም፣ እጁ ላይ ጭረት የለም።

«ነጥቀው አይደለም የገደሉት» አለች። «ሽጉጡን በገዛ እጁ ነው የሰጣቸው።»

«ሬሳውን ያገኘው ሩዲ ቤርቲላ ነው» አለ ሸሪፉ። «ትናንት በአደባባይ 'እገድልሃለሁ' ያለውም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የትናንቱን ያልሰማ በአውራጃው ውስጥ የለም። የተኩስ ክለቡ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በግዛቱ ዋና ከተማ በላንሲንግ ያሉት ሕግ አውጪዎች ተንሸራታቹን ሰደፍ ሊከለክሉ ነው። በመሣሪያው ርግጫ ወዲያ ወዲህ እያለ ተራውን ጠመንጃ እንደ መትረየስ የሚያስጮኸውን ማለት ነው። ሰኞ ወደ ላንሲንግ የሚያሻግረውን ድልድይ አልፎ ስለ ክለቡ የሚናገረው ተወካይ ዌንደል ነበር። ተነሣና፣ «ይከልከል ልል ነው» አላቸው።

አዳራሹ ቀውጢ ሆነ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው!» ብሎ ጮኸ ሩዲ። «ጠመንጃውን መንካት ስለፈሩ ሰደፉን ያዙ። ነገ ካዝናውን ይሉሃል፣ ከነገ ወዲያ አንተኑ!»

ፓስቲ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ቂጣ ጋግራ የምትሸጠው ቤቭ ከኋላ ተነሣች። «ለትልቁ የጠመንጃ ማኅበር የምናዋጣው እኛ፣ ወትዋቾቹ የሚሟገቱት ለጠመንጃ ፋብሪካው! ከነሱ አንዱ እንኳ አጋዘን ተኩሶ ያውቃል? ዌንደል ቢያንስ የኛ ሰው ነው። ይናገርበት።»

«የኛ ከሆነ የኛን ይናገራ!» አለ ሩዲ። «ስማ ዌንደል፣ ያን ድልድይ ብትሻገር እገድልሃለሁ!»

ጭብጨባው ጣራውን ነቀነቀው። ዌንደል ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመ። «ምክንያቱን ሰኞ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን አድርግ።»

ያጨበጨቡት ሰዎች ዛሬ ሸሪፉ በር ላይ ተሰልፈው በሩዲ ላይ ይመሰክራሉ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ትናንት «በለው» ያለ አፍ ዛሬ «እሱ ነው» ለማለት አይደክመውም።

ሩዲን ካቴና እንደገባለት ማርሊስ ጠየቀችው።

«ሽጉጡን ያራገፍከው አንተ ነህ?»

«አልነካሁትም።»

«ማን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ! ማርሊስ፣ በባንዲራ የተነሣ አባትሽ ስንቴ ነው ከሜዳ ያባረረኝ? ለራሴ ጠመንጃ ያልሰካሁትን ለሬሳ ልሰካ?»

«ሽጉጡን ሰጥቶህ ነበር?»

«ለኔ? እገድልሃለሁ ላልኩት ሰውዬ? ዌንደል ችኮ ነው እንጂ ጅል አይደለም።» ድምፁ ተሰበረ። «ባለጌ ነኝ፣ አፌ አያርፍም። ግን እንዲህ አይነት ሰው አይደለሁም። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ታውቀዋለች። ሸሪፉ ግን ወደ እስር ቤት አስገባው።

ማርሊስ ወደ ዌንደል ሚስት ሄደች። ሄልሚ እንግዳ መቀበያዋ ውስጥ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች።

«ጠዋት ሲወጣ ምን አለዎት?»

«'ሳልናገር በፊት አንድ ሰው ፊት ለፊት ልንገረው፣ ወዳጄ ነው' አለኝ። ደግሞም…» ሄልሚ ቀና ብላ አየቻት። «'ቀጥሎ የልጁ እናት ትስማ፣ ከጋዜጣ ልትሰማው አይገባም' አለ። የማን ልጅ ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔ ልጅ የሞተባት ሴት የማውቀው አንቺን ብቻ ነው፣ ማርሊስ።»

ማርሊስ ተነሥታ ወጣች።

ልጇ ኔልስ የሞተው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በአጋዘን አደን ወቅት ነው። የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ አጥር ሲዘል ባረቀበት ተባለ። ሬሳውን ከጫካ ተሸክመው ያወጡት ሁለት ሰዎች እንዲያ ብለው መሰከሩ። አንዱ ዌንደል ነበር። ሌላው አባቷ አርቮ።

ቢሮዋ ገብታ የማስረጃውን ከረጢት ከመብራቱ ሥር አደረገችው። እንዲህ ያለ ክር ብዙ ሰው ይቆርጣል ብላ ጠዋት አልፋው ነበር። አሁን ዐይኗን ሳትነቅል አየችው። አንዱ ጫፍ በእሳት ቀልጦ ተድቦልቡሏል። ሌላው ጫፍ ታኝኳል። ኔልስ ያገኘውን ሁሉ ያኝክ ነበር፤ እርሳሱን፣ ኮሌታውን፣ የጫማውን ክር። ከቀብሩ በኋላ አያቱ አርቮ «ባንዲራውን ለኔ ስጪኝ» ብሎ ለምኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረት ኪሱ አውጥቷት አያውቅም።

ከረጢቱን ዘግታ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።

በዚያ ሜዳ ላይ፣ መዳፉን ዘርግቶ «አምጣ» ሲለው ማንም ሰው ለምን ሳይል መሣሪያውን የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። የደህንነት ኃላፊው፣ አርቮ ኒየሚ። ሽጉጥን ለአርቮ መስጠት ለሐኪም ክንድን እንደ መስጠት ነው፤ ዌንደል የሰጠውም እንዲሁ ነው።

አባቷ ጓሮው ውስጥ ለሳውናው፣ ለእንፋሎት መታጠቢያው፣ እንጨት ይፈልጣል። አካፋ የሚያክል እጁ አሁንም አይንቀጠቀጥም።

«ሩዲን ያዛችሁት አሉ» አለ። «ደግ አደረጋችሁ።»

«አባዬ፣ የኔልስ ባንዲራ የታለች?»

እጁ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ኪሱ ባዶ ነበር። እጁ እዚያው ቀረ። ሽጉጡ ውስጥ እንደሰካት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀም ነበር።

«ለምን አራገፍከው?» አለች ማርሊስ።

«የጎረሰ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ልሂድ?» አለ፣ የተሰደበ ያህል ተቆጥቶ።

ከዚያ በኋላ መካድ የማይረባ መሆኑን ተረዳ። መጥረቢያውን ጉቶው ላይ ሰክቶ ተቀመጠ።

«ያንን ሰደፍ ሜዳዬ ላይ አላስገባም ያልኩት እኔ ነኝ። ግን አማረኝ። ከዌንደል በቀር ሰው በሌለበት ቀን ሞከርኩት። ኔልስ በግራዬ ቆሞ ነበር። ምላጩን ስነካው መሣሪያው እጄ ላይ አበደ። ወደ እሱ ዞረብኝ።»

«አጥሩስ?»

«አጥር የለም። ዌንደልና እኔ ነን ሬሳውን ወደ ጫካ የወሰድነው። ለኔ ብሎ ነው አፉን የያዘው፤ አሁን ሕሊናዬ ምናምን አለኝ። ላንሲንግ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

በየጸደዩ ለጀማሪ ተኳሾች ትምህርት የሚከፍተው አርቮ ነው። መጀመሪያ የሚላቸውም ይኼንኑ ነው፦ «የልጅ ልጄን ቸልተኝነቱ ገደለው። እንደሱ አትሁኑ።» ማርሊስ ከኋላ ተቀምጣ ራሷን እየነቀነቀች ሰምታዋለች። መቃብሩ ላይ ቆማ ሙት ልጇን ተቆጥታዋለች፤ ምን ነበር ብታራግፈው ብላ።

«በልጄ ላይ አላከክህ» አለች።

«እሱ ሞቷል፣ ስም ምን ያደርግለታል? እኔ ግን አለሁ። እኔ ያለዚያች ሜዳ ምንድን ነኝ?»

«ሩዲስ? ዕድሜ ልኩን ሊታሰር?»

«ሩዲ ይዋል ይደር እንጂ ሰው መግደሉ አይቀርም። ግዴለሽ ነው።»

ካቴናውን አስገባችለት፤ እጆቹን ራሱ አቀበላት። ለሸሪፉ ደውላ ሩዲን እንዲፈታው ነገረችው፤ ገዳዩን ይዛ እየመጣች መሆኑንም። ማን እንደሆነ ሲጠይቃት ስልኩን ዘጋችው።

መንገዱ በመቃብሩ አጠገብ ያልፋል። መኪናውን አቆመችና የኋላውን መስኮት ዝቅ አደረገችው። በረዶው ገና አልቀለጠም፤ የኔልስ ድንጋይ ከአናቱ ብቻ ይታያል።

«በየዓመቱ የምትሰጠውን ትምህርት ዛሬ ለሱ ስጠው» አለችው። «ማን እንደገደለው ንገረው።»

አርቮ ድንጋዩን አየ። ነፋሱ በመስኮቱ ይገባል። ጠበቀችው፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው፣ የልጁን ስም እንኳ ቢጠራ።

«ማርሊስ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀበቶሽን አላሰርሽም።»

መስኮቱን ዘጋችና ቀበቶዋን ሳታስር ነዳችው።