ከምላጩ በፊት የበቀለው ሽበት

ሻሹ የወለቀው በአባቷ የመንፈቅ ተዝካር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ብርሃነሽ የጠላ ማድጋ ይዛ ከዳሱ ስትወጣ የዳሱ እንጨት ሻሿን ያዘባት፤ ቀና ስትል ራሷ ባዶ ነበር። ለአባቷ ልቅሶ የተላጨው ጸጉሯ አራት ጣት ያህል በቅሏል። ግንባሯ ላይና ከጆሮዎቿ በላይ ያለው ግን ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው። ልጅቷ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው አክስቷ አመተ ማርያም ናት፤ የአባቷ እህት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት። «የቀጥቃጯ እጅ ነው» አለች።

ቀጥቃጯ ያለቻት የአንጥረኛውን ሚስት ለተጊዮርጊስን ነው። በልቅሶ ጊዜ የሰፈሩን ሴቶች ራስ የምትላጨው እሷ ነበረች፤ ባሏ እንደሚሠራው የተሳለ ምላጭ በአንኮበር አይገኝማ። የሰው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ለምላጯ ራሱን አጎንብሶ ይሰጣታል፣ ዞር ስትል ደግሞ ቡዳ ናት ብሎ ያማታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭቃ ሹሙ ወልደተንሣኤ ነገሩን ሰምቶ ቀን ቆረጠ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ለሸንጎ ይቀመጣል፤ ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ከተገኘ ክረምት ሳይገባ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ከሰፈሩ ይወጣል። ቤታቸውም፣ የዘሩት ገብስም በዚያው መቅረቱ ነው።

ብርሃነሽ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሽበቱ ከምላጩ በፊት እንደነበረ ታውቃለች። አባቷ በሕይወት ሳለ፣ አምና፣ ምንጭ ዳር ተቀምጠው የመጀመሪያውን ያየችባት ታንጉት ናት፤ የለተጊዮርጊስ ልጅ፣ የልብ ጓደኛዋ። ከዚያ ወዲህ ታንጉት በየጊዜው እየፈለገች ትነቅልላት ነበር። የተነቀለው ሁሉ ተመልሶ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ከልቅሶው በኋላ ግን ተነቅሎ የማያልቅ ሆነና ብርሃነሽ ሻሽ ውስጥ ተደበቀች። ታንጉት ለማንም እንዳትናገር በሚካኤል ምላላታለች።

ዓርብ ዕለት ምንጩ ጋ ተገናኙ። ብርሃነሽ እየፈራች ለእናቷ ነግራት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ምዬልሽ የለ» አለች ታንጉት።

እንስራዋን አዝላ አቀበቱን ተያያዘችው። ብርሃነሽ እዚያው ቆማ ቀረች። ብትሰድባት፣ ፊቷን ብትቧጭራት ይሻላት ነበር። ሰው እናቱ ልትባረር ነው ሲባል እየሰማ መሐላውን ጠብቆ ዝም ሲል ማየት አንጀት ይበላል። ልቧ የቆረጠው እዚያው ነው።

ቤት ገብታ እሑድ እናገራለሁ ብትል አክስቷ ተነስታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ብርሃነሽ አንድም ቀን ሲወልቅ አይታ የማታውቀውን የራሷን ሻሽ ፈታችው። አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ ጸጉሯ አንድ ጥቁር የለበትም።

«ከአባትሽ ወገን ነው» አለቻት። «አባትሽስ በየሳምንቱ ራሱን ይላጭ የነበረው ለምን ይመስልሻል? በአጥንታቸው እርግማን አለ ከሚሉን የቀጥቃጯ እጅ ነው ይበሉ። እነሱ ሌላ አገር ሄደው ይቀጠቅጣሉ። አንቺን ግን ማን ያገባሻል?»

ዛሬ አንድ የባዮሎጂ መምህር ቢጠየቅ ነገሩን ባጭሩ ይጨርሰው ነበር። ከእያንዳንዱ ጸጉር ሥር ቀለም የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነሱ ሥራ ሲያቆሙ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። የአንዳንዱ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ያቆማሉ፣ የአንዳንዱ በአሥራ ሦስት፤ ቶሎ ማቆሙም ብዙውን ጊዜ ከዘር የሚወረስ ነው። ምላጭ ከቆዳ በላይ ያለውን ይቆርጣል እንጂ ቀለሙ ከሚሠራበት አይደርስም። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ጭር ባለችው አንኮበር ይህን የሚያስረዳ አልነበረም። ብርሃነሽ ግን ዓይን ነበራት። ከሚነቀሉት ጸጉሮች አንዳንዱ ጫፉ ጥቁር፣ ሥሩ ነጭ እንደሆነ አይታለች፤ ነገሩ ከውስጥ እንደሚመጣ ያኔውኑ ገብቷታል።

እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ከአሊዩ አምባ በኩል ጉም ሽቅብ ይወጣል። ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ቆማለች፤ ታንጉት ከኋላዋ መሬት መሬት ታያለች። ዘርአ ዳዊት የሚባል በቅሎ ነጂ ተነሳና የጭነት በቅሎ ጀርባዋን ኮርቻ ሲያቆስላት፣ ቁስሉ ሲድን ነጭ ጸጉር እንደሚያበቅል አስረዳ። የልጅቷንም ራስ ያቆሰለው ምላጩ ነው አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ በቅሎን የማያውቅ የለም።

ብርሃነሽ ተነሳች። ሻሿን ራሷ ፈታችው።

«ጌታዬ» አለች ወደ ጭቃ ሹሙ ዞራ፣ «ይሄ ሽበት ከምላጩ በፊት የነበረ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ እያስነቀልኩ እደብቀው ነበር። በቅሎዋ ጠባሳ አላት፤ የኔን ራስ ዳስሱት።»

አንዲት መነኩሲት ተጠርተው ራሷን በጣታቸው ዳሰሱት። ጠባሳ የለም አሉ። ወልደተንሣኤ ግን የልጅ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ምስክር ማን አለሽ አላት።

«ታንጉት አለች። እንዳትናገር ያስማልኳት እኔ ነኝ።» ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «ፈትቼሻለሁ፤ ተናገሪ።»

ታንጉት መነኩሲቷን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም መሐላሽ ተፈቷል ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። የመጀመሪያውን ሽበት ከጓደኛዋ ቀኝ ጆሮ ኋላ እንዳገኘችው፣ ያኔም የብርሃነሽ አባት ገብስ ሲያሳጭድ እንደነበር ተናገረች። እናቷ ዘወር ብላ ልጇን አየቻት። ዓመት ሙሉ አብራት እየበላች እንዲህ ያለ ነገር በሆዷ ይዛ መክረሟን ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«በዘራችሁስ አለ?» አለ ወልደተንሣኤ።

አመተ ማርያም ከሴቶቹ መሐል አንገቷን ደፋች። ብርሃነሽ አየቻት። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋላት ነበር።

«የኔን ተናግሬያለሁ ጌታዬ። የሌላውን ባለቤቱ ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። ጭቃ ሹሙ ብዙ አሰበና የታንጉትን ምስክርነት ተቀበለ። ለተጊዮርጊስን ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ገብስሽንም እጨጂ አላት። ይቅርታ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዘርአ ዳዊት እንኳ ቶሎ ብሎ ስለ መንገዱ ጭቃ ማውራት ጀመረ።

ታንጉት እኛ ቤት እደሪ፣ አክስትሽ ዛሬ አታናግርሽም አለቻት። ብርሃነሽ አመሰገነቻትና ወደ ቤቷ ሄደች። በመንገድ ላይ ሰዎች ራሷን እያዩ ሲንሾካሾኩ ሰማች፤ ፊቷ ጋለ፣ እርምጃዋን ግን አላፈጠነችም።

አመተ ማርያም ምድጃው ዳር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

«አሁን ማን ያገባሻል?» አለች ሳትዞር።

«እንጃ» አለች ብርሃነሽ። ወረድ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎን የጀመረዎት መቼ ነው?»

አክስቷ እሳቱን ቆሰቆሰች።

«በአንቺ ዕድሜ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።» ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችው። «ለማን ልንገር?»

ብርሃነሽ ወደ እሷ ተጠጋች። ይህች ሴት ንጹሕ ሰው ልታስባርር እንደነበር አልረሳችም፤ ቁጣዋም አልበረደም። ቢሆንም ጥላት አትሄድም።

«እንግዲያው ለኔ ይንገሩኝ» አለች። «ነገ ደግሞ አብረን እማማ ለተጊዮርጊስ ቤት እንሄዳለን።»