ሃያ ሦስተኛው ካሴት

ኡስታዝ የሱፍ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ መልሰው ባሠሩት ቤት። ቴሌቪዥናቸው ፊት ተደፍተዋል። ጆሮ ግንዳቸው ቆስሏል፤ የሲሚንቶው መደብ ጠርዝ ደም ነክቶታል። የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ በየጁምዓውም ወጣቱን ከቪዲዮ ቤት የሚያስጠነቅቁ ሰው። ሬሳውን ሊያነሱ የመጡት ጎረቤቶች ከቁስሉ ይልቅ ቴሌቪዥኑንና አንድ ሣጥን ሙሉ የፊልም ካሴት አይተው አፈሩ።

መርማሪው አቦኮር ግን አላፈረም። የማፈር ተራው በኋላ መጣ።

በዚያው ቀን የሟቹን የእህት ልጅ መውሊድን አሰረ። መውሊድ ትምህርቱን ትቼ ሚኒባስ ልነዳ ነው ብሎ ሰኞ ጠዋት ከአጎቱ ጋር ተጣልቷል፤ ከመግሪብ ሶላት በፊትም በራቸውን ሲያንኳኳ ታይቷል። ከሁሉም በላይ የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህርት ኡምሰልማ፣ ባል የሞተባት ጭምት ሴት፣ ቃሏን ሰጥታ ነበር።

«የፈተና ወረቀት ላደርስ በበራቸው ሳልፍ ወንዶች ሲጮሁ ሰማሁ። ፊልም መስሎኝ አለፍኩ።»

አቦኮር በዚህ ቃል ላይ ፈረመ።

በስምንተኛው ቀን አንድ ነገር ከነከነውና ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰ። ካሴቶቹን ያገኟቸው ቤቱን የሠሩት ግንበኞች ናቸው፤ የቀድሞው ባለቤት ሲሸሽ የቀበራቸው የድሮ ፊልሞች ነበሩ። ኡስታዝ ሊያቃጥሏቸው ፈልገው፣ የሚቃጠለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል ብለው አንዱን ከፈቱ። ከዚያ ሁለተኛውን። በኋላ ሁሉንም በጠመኔ ቁጥር ሰጧቸው፤ እንደ ተማሪ ፈተናም ከሃያ እያረሙ ውጤታቸውን በአሮጌ የክፍል መዝገብ ላይ በትልልቅ ፊደል ያሰፍሩ ጀመር። «ቁጥር ዘጠኝ፤ አሥራ ሰባት። እናትየዋ ደብዳቤውን ያቃጠለችው ልጇ እንዳያፍር ብላ ነው።» የሃያ ሦስተኛው ውጤት ባዶ ነበር፤ ካሴቱ እስካሁን ማጫወቻው ውስጥ ነው።

አቦኮር የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ በመጀመሪያው ቀን ተነቅሎ ያገኘውን ገመድ ሰካ። ሥዕሉ መጣ፤ ድምፁ አልመጣም። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ሲፈታ የድምፁ ሽቦ ተቆርጧል፤ ጫፉም አቧራ ለብሷል።

ወደ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ወደ ባሬ ሄደ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለ ባሬ እየሳቀ። «ቪዲዮ ቤቴን ያስዘጉብኝ ሰው እኮ ናቸው። ሲመጡ ሊመክሩኝ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ። ‹ድምፁን ግደልልኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ› አሉኝ።»

«መቼ?»

«ከረመዳን በፊት። ሦስት ወር አልፎታል።»

«ለማን ነገርክ?»

ባሬ ሳቁን ተወ። «ለማንም። ሲወጡ ፊታቸውን ብታይ አንተም አትናገርም ነበር።»

ከዚያ ወደ እስር ቤቱ።

«የአጎትህ ዓይን እንዴት ነበር?»

«ስምንት ቀን ሙሉ ‹ገደልከው ወይ› ስትለኝ ከርመህ ዛሬ ስለ ዓይን?» አለ መውሊድ። «ሞራ ጋርዶታል። ከእጃቸው የራቀ ጽሑፍ አያነቡም። የክፍሉን ሰሌዳ እንኳ ተማሪ ነው የሚያነብላቸው።»

«ያን ቀን ለምን አንኳኳህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ። ስሜን ተናግሬ አንኳኳሁ። ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። አኩርፈው ነው ብዬ ሄድኩ።»

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ አቦኮር መውሊድን፣ ባሬንና ኡምሰልማን በሟቹ ክፍል ሰበሰበ። የመስጊዱን ሽማግሌዎች አልጠራም።

«ይህ ቴሌቪዥን ሦስት ወር ሙሉ ድምፅ የለውም» አለ። «ስለዚህ በበር ሲያልፍ የፊልም ጩኸት የሰማ ሰው ሊኖር አይችልም። ‹ፊልም መስሎኝ› ለማለት ደግሞ ኡስታዝ ቤት ፊልም እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመሞታቸው በፊት ከባሬ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም።»

መዝገቡን ገለጠ።

«ፊልሞቹ በባዕድ ቋንቋ ናቸው፤ ንግግሩ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ኡስታዝ ያንን ጽሑፍ አያዩትም። መዝገባቸው ግን ሰዎቹ የተባባሉትን ሁሉ ይዟል። አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያነብላቸው ሰው ነበር። መውሊድ እንግሊዝኛ አያውቅም። ባሬም...»

«እኔ የፊውዝ ቁጥር ብቻ ነው የማነበው» አለ ባሬ ቀስ ብሎ።

አቦኮር ኡምሰልማን ላለማየት ወደ ወለሉ አቀረቀረ። «ገመዱ ተነቅሎ ነበር። ኡስታዝ በችኮላ ሲነሡ ጠልፏቸው መደቡ ላይ ወድቀዋል። መውሊድ የሰማው ያንን ውድቀት ነው፤ እሱ ያኔ ውጭ ነበር።»

ኡምሰልማ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ፈታች።

«ሲያንኳኳ ሁለታችንም ተነሣን» አለች። «እሳቸው ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሊሸፍኑ፣ እኔ ጫማዬን ልፈልግ። ሌላ ነገር አልነበረም፤ ወላሂ። ግን ማን ያምነናል?»

«ወዲያው ሞቱ?»

«አልሞቱም። ‹ሂጂ፣ እንዳያዩሽ› አሉኝ። እሺ ብዬ በጓሮ ወጣሁ።»

«እኔ እኮ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ኡምሰልማ» አለ መውሊድ። «በሩ ላይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ድምፅህን ሰምቻለሁ።»

«እኔ ስታሰርስ?»

«በየቀኑ እስከ ጣቢያው በር እመጣና እመለስ ነበር።»

መውሊድ የቴሌቪዥኑን ገመድ ያይ ጀመር።

«ባልተጣራ ቃል ያሰርኩህ እኔ ነኝ» አለው አቦኮር። «ፊርማው የእኔ ነው።»

አቦኮር የቃል መቀበያውን ቅጽ አወጣ። ስሟን፣ ዕድሜዋንና ሥራዋን ሞላ። ቀጣዩን መስመር ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ከሟቹ ጋር ያለሽ ግንኙነት?»

ባሬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አነብላቸው ነበር፣ ብለው ይጻፉ» አለች።

አቦኮር ጻፈ።