አርባ ሁለት ኪሎ

ጥርስ ሐኪሙ ሞቶ የተገኘው ከገዛ አውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ነው፤ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማጅራቱን ተመትቶ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሰማዩ ላይ የጥጥ ፍሬ የምታህል ደመና እንኳ የለችም። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ሰማይ ሲመኝ ኖሮ፣ ሰማዩ ሲመጣለት እሱ መሬት አቅፎ ተኝቷል።

የሚኖረው በትንሿ ከተማ፣ ጥርስ የሚነቅለው በትልቋ። በአስፋልት ሦስት ሰዓት፣ በአየር ሃያ አምስት ደቂቃ። ይህችን «ሃያ አምስት ደቂቃ» ያልሰማ ካለ ጥርሱን ታሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ሐኪሙ የሚያወራት በሽተኛው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ነበርና።

መርማሪዋ ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። መርማሪዋን ሰዎች «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ አጭር ናት፣ ከገባች ደግሞ ሳትወጋ አትወጣም። አዛዡ ሰላምታዋን በቅጡ ሳይመልስ ወደ አውሮፕላኗ ጋራዥ ግድግዳ ጠቆማት። እዚያ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የኪሎ ሚዛን ቆሟል። አውሮፕላኗ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ሚጢጢ ናት፤ በሯ ላይ «ከ220 ኪሎ በላይ አይጫንም» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመብረሩ በፊት ሰዉንም ዕቃውንም እየመዘነ ሰሌዳው ላይ ያሰፍራል። የዛሬው እንዲህ ይላል፦

እኔ 96
ቦርሳ 12
እሷ 55

«‹እሷ› ማለት ውሽማው ናት» አለ አዛዡ። «ሚስቱ ደግሞ በቅናት የታወቀች ናት። ዛሬ ጠዋት እዚህ መጥታ ስትጮህበት ዘበኛው ሰምቷል። ስድስት ሰዓት ላይ እወስዳታለሁ።»

ሚስቲቱ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አላት። ልጅቷ ጠዋት አባቷን አጥታለች፤ በስድስት ሰዓት እናቷን ልትደግም ነው።

«እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እንግዲህ ጉዳዩ የእኔ ነው» አለች መርፌ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ሰሌዳውን ተጠግታ አየችው። «እኔ» እና «ቦርሳ» በለስላሳ እጅ ተጽፈዋል። «እሷ» ላይ ግን ጠመኔው እስኪፈረፈር ተጭነውበታል፤ ከሥሩም በመዳፍ የተጠረገ ነጭ ብናኝ አለ። በሁለት ፊደል የሰው እጅ አይለይም ብላ አለፈችው። ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር ላይ ቀጭን ትራስ በገመድ ታስሯል። መሰላል አስደግፋ ክንፉ ላይ ያለውን የነዳጅ ቋት በዘንግ ለካችው፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ጎማ የሚያግዱት የእንጨት ታኮዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከፊት ጎማው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሁለተኛው ከኋላ ጎማው ኋላ ተወትፏል፤ ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም። ሰውዬው በምን እንደተመታ ለመገመት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ዘበኛው በዚያ ጠዋት ያስገባው ሦስት ሰው ነው፦ መካኒኩን፣ የሐኪሙን ሚስትና ታላቅ ወንድሙን። ማን እንደቀደመ ማን እንደዘገየ ግን አያውቅም፤ ሻይ እያፈላ ነበር። ሦስቱም «ስወጣ ደህና ነበር» ይላሉ።

መካኒኩ ሽማግሌ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። መርፌ ወዘወዘችው፣ ወጣላት። ለሃያ አምስት ደቂቃ በረራ አንድ ሰዓት ፍተሻ አለ፤ ነዳጁን በብርጭቆ ቀድቶ ውሃ እንዳልገባበት ማየት አለ፤ ንፋስ አለ፣ ጉም አለ። ባለፈው ወር ብቻ ሐኪሙ ዘጠኝ ቀን የሄደው በወንድሙ አውቶቡስ ነው። ታኮዎቹንም እሱ ራሱ ትናንት ማታ ከፊት ጎማው ፊትና ኋላ አድርጓቸው ነበር፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

«ታዲያ ለየዕለት መንገድ አትሆንም በሉኛ።»

«የሠርግ ጫማ ናት። ገበያ አይወጣባትም።»

«ቋቱን ማን ሞላው?»

«እኔ። ሙላ አለኝ፣ ሞላሁ። ሙሉው ሰባ ኪሎ ይመዝናል።»

«እርስዎስ በረውባት ያውቃሉ?»

ሽማግሌው እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ንጹሕ ነበር። ወንበሯን በየቀኑ ሲወለውል ሃያ ዓመት እንደሞላው፣ አንድ ቀን «እስቲ ተቀመጥ» ያለው ሰው ግን እንደሌለ ነገራት። ሌላው ሲነሣ አቧራውን መዋጥ የእሱ ድርሻ ነበር። ይህም ቅናት ነው፤ አፍ የሌለው ቅናት።

የሐኪሙ ሚስት ፀጉር ቤት አላት፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእሷ ማበጠሪያ ሥር ያልፋል። መርፌ ዘበኛው ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ዓይኗ ደርቋል።

«ትቀኝበት ነበር ይላሉ።»

«እቀና ነበር። ሴት ብትሆን ኖሮ ግን ደስ ባለኝ፣ ታረጅልኝ ነበር። ያቺን ቆርቆሮ ዓርብ ዓርብ ያጥባታል፣ ይቀባታል። እኔ የሰው ፀጉር ሳጥብ ውዬ ስገባ ራሴን የነካልኝ የለም።»

ጠዋት የመጣችው የረሳውን መነጽር ይዛ ነው፤ መነጽሩን ስትሰጠው ምላሷንም መረቀችለት። ከዚያ የቆየ ቁስሏን አወጣችው። በተጋቡበት ቀን ሰማይ አሳይሻለሁ ብሎ ጓደኞቿን ሁሉ ሰበሰበ። ሚዛኑ ላይ አቆማት። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቋቱ ሞልቷልና ውረጂ አላት።

«ስድሳ ስምንት ኪሎ መሆኔን የማያውቅ ሰው የለም» አለች። «ነዳጁ በእኔ ቦታ ተሳፍሮ ሄደ።»

መርፌ ይህችን ንግግር በልቧ ቋጠረቻት።

ታላቅ ወንድሙ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በዚያው የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት። ጠዋት በሁለት ሰዓት የሚነሣውን አውቶቡሱን ትቶ፣ ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሷል። ለቅሶው የውሸት አልነበረም። ከሥራ በፊት ሰላም ልለው ጎራ ብዬ ነበር አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ጨዋታ አመጣ። አንድ ጊዜ ተፎካክረው ከእናታቸው ደጅ እኩል ተነሡ። ሐኪሙ ወደ አውሮፕላኑ ሜዳ ነዳ፣ ፈተሸ፣ ንፋስ ጠበቀ፣ በረረ፣ ወረደ፣ ታክሲ ጠበቀ። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ ወንድሙ ጫማውን አስጠርጎ ሁለተኛ ሻዩን ይዟል።

«አሸነፍኩት፣ እመቤቴ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል መንገድ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። «ሰፈሩ ሲያወራ የከረመው ግን እሱ እንዴት ብድግ እንዳለ ነው።»

አምስት ሰዓት ላይ እናትየው ልጃቸውን ሊያዩ መጡ። ንፋስ የሚያነሣቸው ትንሽ ሴት ናቸው። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ጫማቸው ግን አዲስ ነው፣ ቀሚሳቸውም የመንገድ ቀሚስ። ከጠዋት ጀምሮ የጨበጧትን የትልቋን ከተማ የዓይን ሐኪም ካርድ መልቀቅ ረስተዋታል። መርፌ ካርዷን አየች፣ ትራሷን አየች፣ «ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ይግባ» አለች።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም በክንፉ ሥር ቆመዋል። አዛዡ ሰዓቱን ያያል።

«ሦስታችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች መርፌ። «እኔ ባልደርስም ስድሳ ኪሎ ነኝ እንበል። ሐኪሙን ዛሬ ጠዋት ይዘኸኝ ሂድ ብለው ይወስደኝ ነበር?»

«አትነሣም» አለ መካኒኩ።

«እንደ እኔ ያወርድሽ ነበር» አለች ሚስቲቱ።

ሾፌሩ ሰሌዳውን እያየ በጣቱ ደመረ። «ለምን አይወስድዎትም? ዘጠና ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ስድሳ። መቶ ስድሳ ስምንት። በሩ ላይ ሁለት መቶ ሃያ ይል የለ?»

መካኒኩ ዞር ብሎ አየው። «ነዳጁስ?»

«ነዳጅ ምን አለው?»

መርፌ ጠመኔ አነሣች።

«አውቶቡስ ላይ ሰው ይቆጠራል፣ ሻንጣ ይቆጠራል። የነዳጅ ሰልባቲዮውን መዝኖ የተነሣ ሾፌር ግን የለም። እዚህ ነዳጁም ይመዘናል። ሰባ ኪሎ ነዳጅ፣ ዘጠና ስድስት ሐኪሙ፣ አሥራ ሁለት ቦርሳው፤ መቶ ሰባ ስምንት። ለዚያች ወንበር የተረፈላት አርባ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። የገዛ ሚስቱን በጓደኞቿ ፊት ያወረደ ሰው አምሳ አምስት ኪሎ አይጭንም። ስለዚህ ይህን የጻፈው እሱ አይደለም፤ ነዳጅ እንደሚከብድ የማያውቅ ሰው ነው። መካኒኩ በሙያቸው ያውቃሉ። ሚስቲቱ በውርደቷ ታውቃለች።»

«ታኮውስ?» አለ አዛዡ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«የታጠበው ታኮ ዳገት ላይ እንደቆመ አውቶቡስ ከኋላ ጎማ ኋላ ተወትፏል። የደነገጠ እጅ የለመደውን ያደርጋል።» ከዚያ የተጠረገውን ብናኝ ነካችው። «እዚህ ቦታ ሌላ ስም ነበር። ሐኪሙ ቋቱን አስሞልቶ፣ አጥንቷ እንዳይቆረቁራት ትራስ አስሮ፣ ከአርባ ሁለት ኪሎ የማትበልጥ አንዲት ሴት ሊወስድ ነበር። አስቀድሞ መዝኗት፣ ፍተሻውን ሲጨርስ ሄዶ ሊያመጣት።»

ወደ እናትየው ሄደች፤ ክንዳቸውን ደግፋ ሚዛኑ ላይ አወጣቻቸው። አርባ አንድ።

«እናቴ፣ ዛሬ በአውሮፕላን እንደሚሄዱ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ለዚህ ለታላቁ ብቻ» አሉ እናትየው። «ከሾፌሩ ኋላ ያለችውን ወንበር ሁልጊዜ ለእኔ ያስቀምጣት የለ? ትናንት ‹ነገ ለሰው ስጣት› አልኩት።»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የተናገሩት የገባቸው። ሾፌሩ አልሸሸም። መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሰው ያለ አይመስለውም፣ ለእናቱ ብቻ ነው የሚያወራው።

«አሥራ ስምንት ዓመት በደጅሽ ሳልፍ ክላክስ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ቀና አላልሽም። እሱ በላይሽ ሲያልፍ ግን ሻሽሽን ፈትተሽ ታውለበልቢያለሽ። በመስታወቴ አይሻለሁ እኮ። የቀረችኝ ያቺ ወንበር ነበረች። ጠዋት መጥቼ እሷን እንኳ ተውልኝ አልኩት። ሳቀ። ‹ሃያ አምስት ደቂቃ› አለኝና ጎማውን ሊያይ ጎንበስ አለ።»

ሚስቲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በእኔ ላይ አላከክከው፣ ጋሼ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እኮ እንዳንተው ነበርኩ።» ሾፌሩ ሊያያት አልቻለም።

እናትየው ከሚዛኑ ወርደው ከጎኑ ተንበረከኩ፤ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ቀና ብዬ የማየው የምፈራለትን ነው፣ ልጄ። ያንተን ክላክስ ስሰማ ‹ይህኛው ደህና ነው› እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ላንተ ፈርቼ አላውቅም።»

ልክ በስድስት ሰዓት አዛዡ እንዳለው አንድ ሰው ወሰደ። ሚስቲቱ የባሏን መነጽር ከጋራዡ ጠረጴዛ ላይ አንሥታ ወደ ልጇ ሄደች። መካኒኩ የታጠበውን ታኮ ፖሊስ ስለወሰደበት ከፊት ጎማው ኋላ ድንጋይ አደረገ።

ከአጥሩ ማዶ፣ ምትክ ሾፌር ስትጠብቅ የቆየችው የሁለት ሰዓቷ አውቶቡስ ክላክሷን እያሰማች አለፈች። እናትየው ሻሻቸውን ፈትተው ቀና አሉ፤ አቧራው መንገዱ ላይ እስኪተኛ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።